ከውጤቱ ጀርባ ያለው ልጅ

ባሕር ዳር፦ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ይፋ በሚኾንበት ዕለት የብዙ ቤተሰብ ተስፋ በአንድ ቁጥር ላይ ያርፋል። ከገጠር ቀበሌ ወጥቶ በከተማ ቤት ተከራይቶ የተማረው ልጅ፣ በየሳምንቱ ስንቅ ስታመላልስ የከረመችው እናት፣ ለቤት ኪራይና ለደብተር በግ የሸጠው አባት ዐይናቸውን ከስልክ ላይ አይነቅሉም። ቁጥሩ 50 በመቶን ከተሻገረ እልልታ ይቀልጣል። ካልተሻገረ ግን ቤቱ ለቅሶ ቤት ይመስላል።

ይህ ጭንቀት ምክንያት አለው። በ2008 ዓ.ም ብሔራዊ ፈተናው አስቀድሞ በመውጣቱ ተቋርጦ እንደገና መሰጠቱ ይታወሳል። ከ2014 ዓ.ም ጀምሮ ደግሞ ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተጉዘው እንዲፈተኑ ተደርጓል። ኩረጃው ሲቀንስ የትምህርት ጥራት ችግሩ ገሃድ ወጣ። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም 3 ነጥብ 3፣ በ2015 ዓ.ም 3 ነጥብ 2፣ በ2016 ዓ.ም 5 ነጥብ 4፣ በ2017 ዓ.ም 8 ነጥብ 4 በመቶ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም ብቻ 1 ሺህ 328 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም።

በሩ እንዲህ ሲጠብብ የትምህርት ቤቶች ክብርም በዚሁ ቁጥር ይለካ ጀመር። ያስፈተኗቸውን ተማሪዎች በሙሉ ያሳለፉ ትምህርት ቤቶች ስማቸው ይናኛል፤ ወላጅም ወደ እነርሱ ይጎርፋል። ለፍተው ያስተማሩ መምህራን መመስገናቸው ተገቢ ነው። ኾኖም አዳሪና ልዩ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎቻቸውን በውጤት መርጠው እንደሚቀበሉ መዘንጋት የለበትም። ቁጥራቸው የማስተማር ብቃትን ብቻ ሳይኾን የምርጫውንም ውጤት ያሳያል። ቤተ መጻሕፍትና ቤተ ሙከራ በሌለው የገጠር ትምህርት ቤት ማንበብ የተሳነውን ልጅ አንባቢ ያደረገ መምህር ግን በየትኛውም ሰንጠረዥ ላይ አይታይም።

የክብሩን ዋጋ የሚከፍለው ልጁ ነው። ቅዳሜና እሑዱን በማጠናከሪያ ትምህርት ያሳልፋል፤ እንቅልፉን ይቀንሳል፤ ከጎረቤት ልጅ ጋር በየዕለቱ ይነጻጸራል። ከፍ ያለ ውጤት ያመጣ እንደኾነም ምርጫው የእርሱ ላይኾን ይችላል። መምህር ወይም የግብርና ባለሙያ መኾን እየፈለገ፣ "ውጤትህ ይባክናል" ተብሎ የማይወድደውን ሙያ ለዓመታት እንዲማር ይገፋል።

ለአርሶ አደሩ ቤተሰብ "ደስታ ይቀድማል" የሚለው ምክር ቅንጦት ሊመስል ይችላል። መሬቱ ለልጆች ሲከፋፈል እያነሰ በሄደበት አካባቢ ትምህርት ለልጅ ሊተላለፍ የሚችል ትልቁ ውርስ ነው። በጸጥታ ችግር ምክንያት ትምህርቱ ለተቋረጠበት ተማሪም የባከነውን ጊዜ የማካካስ ጉጉት ያለ ነው። ስለዚህ ምኞቱ አይነቀፍም። ጥያቄው ምኞቱ ልጁን ያበረታዋል ወይስ ያስፈራዋል የሚለው ነው። በፍርሃት የሚያጠና ልጅ ይሸመድዳል እንጂ አይጠይቅም፤ ፈተናው ሲያልፍ የሸመደደውም አብሮት ያልፋል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ።

ትልቁ አደጋ የሚመጣው ከውጤቱ በኋላ ነው። ከመቶ ተፈታኞች ከ90 በላይ የሚኾኑት የማለፊያውን ነጥብ በማያገኙበት ሀገር፣ አለማለፍን እንደ ውርደት መቁጠር አብዛኛውን ወጣት ተሸናፊ ብሎ መፈረጅ ነው። ለተወሰኑት የአቅም ማሻሻያ ትምህርት አለ፤ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችም አሉ። ነገር ግን ሙያ መማር የወደቀ ሰው ዕጣ ተደርጎ ከታየ ወጣቱ በሩ ክፍት ኾኖ ሳለ አይገባበትም። ኀፍረቱን ሽሽት በሕገ ወጥ መንገድ ወደ ዐረብ ሀገራት ለመሰደድ የሚነሣውም በዚህ ጊዜ ነው።

መፍትሔው ፈተናውን ማቅለል አይደለም። ወላጅ "ስንት አመጣህ?" ከማለቱ በፊት "ምን ከበደህ?" ብሎ መጠየቅ ይችላል። ውጤት በሚወጣበት ዕለት ልጁን ብቻውን አለመተው፣ ቀጣዩን አማራጭም አስቀድሞ አብሮ መነጋገር ወጪ የለውም። ትምህርት ቤቶች ያለፉትን ብቻ ሳይኾን ያላለፉት የት እንደደረሱም ሊከታተሉ ይገባል። የትምህርት ጽሕፈት ቤቶችም ትምህርት ቤትን ሲመዝኑ ተማሪው ሲገባ ከነበረበት ሲወጣ እስከደረሰበት ያለውን ለውጥ ቢያዩ፣ የተዘነጋው መምህር ይበረታል።

አርሶ አደር ዋልካውን መሬት ጤፍ ቢያቅተው ሽምብራ ይሞክርበታል እንጂ በአንድ ክረምት ምርት ተስፋ ቆርጦ አይጥለውም። ለመሬት የተሰጠው ይህ ትዕግሥት ለልጅም ይገባዋል።