የቡና ክብደትና የመሬት ስበት

ከቦንጋ አገር ወደ አዲስ አበባ የተላከ ቡና ጐድሎ ሲገኝ፥ በዘመዳሞች መካከል እንኳ ቅሬታ ሊነሣ ይችላል። ላኪው «ሞልቶ ነበር» ይላል፤ ተቀባዩም «ጐድሎ ደረሰኝ» ይላል። በዚህ ጊዜ አንድ አስታራቂ ተነሥቶ «ዕቃ ወደ ደጋ ሲወጣ ይቀላል» ቢል፥ ቃሉ እውነት ነውን? እውነትስ ቢሆን ስንት ግራም ያህል ነው? ይህን ለቤተ ሰብ ልናስረዳ ወደድን።

ኢሳቅ ኒውቶን የተባለው የእንግሊዝ ሊቅ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1687 ዓመተ ምሕረት ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፥ ግዝፈት ያለው ነገር ሁሉ ሌላውን ይስባል። ከሁለቱ የአንደኛው ግዝፈት እጥፍ ቢሆን ስበቱም እጥፍ ይሆናል። በመካከላቸው ያለው ርቀት እጥፍ ቢሆን ግን ስበቱ ወደ ሩብ፥ ርቀቱ ሦስት እጥፍ ቢሆን ወደ ዘጠነኛ እጅ ይወርዳል።

ይህም ርቀት የሚቈጠረው ከምንረግጠው አፈር ሳይሆን፥ 6371 ኪሎ ሜትር ያህል ከሚርቀው ከመሬት እምብርት ጀምሮ ነው። ቦንጋ ከባሕር ወለል በላይ 1700 ሜትር፥ አዲስ አበባ 2350 ሜትር ያህል ከፍ ይላሉ። የሁለቱ ከተሞች ልዩነት ከዚያ ሁሉ ርቀት ጋራ ሲተያይ እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ፥ በቦንጋ በባለ ሞላ ሚዛን 100 ኪሎ የመዘነ ቡና አዲስ አበባ ሲደርስ በከፍታው ምክንያት የሚቀለው 20 ግራም ያህል ብቻ ነው። በባለ ሁለት ሰሐን ሚዛን ቢመዘን ግን ይህ ልዩነት ከቶ አይታይም፤ ቡናው በቀለለ መጠን የብረቱ መመዘኛም አብሮ ይቀላልና።

እንግዲህ ከአንድ ኩንታል አንድ ፈረሱላ፥ ማለት 17 ኪሎ፥ ጐድሎ ቢገኝ በስበት ማመካኘት አይገባም። በስበት ምክንያት ይህን ያህል እንዲጐድል፥ ቡናው ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ሰማይ ወጥቶ መመዘን በተገባው ነበር። ስለዚህ አስቀድሞ ቡናው እርጥብ ሳለ ተመዝኖ በመንገድ ደርቆ እንደ ሆነ ይመርመር፤ ከረጢቱም ተቀድዶ ወይም የሰው እጅ ገብቶበት እንደ ሆነ ይጠየቅ። ላኪው ቡናውን በሚገባ አድርቆ፥ በምስክር ፊት አስመዝኖ፥ ክብደቱን ጽፎ ቢልክ፥ ተቀባዩም በዚያው ዐይነት ሚዛን ቢቀበል፥ ዝምድና በጥርጣሬ አይጐዳም። የመሬት ስበት የሚወስደው ድርሻ ታውቋል፤ ለቀረው ሰው ይጠየቅ።