«ኦፕራሲዮኑ ተሳክቶ ነበር» አትበሉኝ

ባለፈው ሳምንት የአጎቴ አርባ ወጣ። ድንኳን ውስጥ ስንት ሰው እንደነገረኝ አልቆጠርኩም፦ «ኦፕራሲዮኑ እኮ ተሳክቶ ነበር፤ ምን ይደረግ፣ ቀኑ ደርሶ ነው።» አርባ ቀን ዝም ብዬ ሰማሁ። ዛሬ ግን ልናገር።

ኦፕራሲዮን ስፌቱ ባለቀ ዕለት አያልቅም። በተለይ የቆሽት።

እኔ የዲፕሎማ መምህር ነኝ፣ ሐኪም አይደለሁም። ግን ተማሪዎቼ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ቆሽትን ሰሌዳ ላይ ስዬ «ይህቺ ትንሽ ነገር ሥጋ የሚፈጭ ፈሳሽ ታመነጫለች» ስላችሁ ትስቁ ነበር። ትሪፕሲን ቆሽት ውስጥ እያለ የተኛ ነው፤ የሚነቃው አንጀት ሲገባ ነው። የቆሽት ራስ ላይ ካንሰር ሲገኝ ዊፕል የሚባለው ቀዶ ጥገና ይሠራል፤ የቆሽቱ ራስ ከትንሹ አንጀት መጀመሪያ ጋር ይወጣና የቀረው ቆሽት ከአንጀት ጋር ይሰፋል። እንግዲህ አስቡት፤ ስፌቱ ካፈሰሰ ያ ፈሳሽ ሆድ ውስጥ ይጠራቀማል። የገዛ ሥጋን ይበላል፣ የደም ሥር ይበሳል። ቆሽቱ ለስላሳ፣ ቧንቧው ቀጭን ከሆነ ደግሞ ቅቤ እንደመስፋት ነው፤ ጎበዝ እጅ የሰፋውም ሊያፈስ ይችላል።

ስለዚህ ጥያቄዬ «ለምን አፈሰሰ?» አይደለም። «ሲያፈስ ማን እያየ ነበር?» ነው።

እኔ ነበርኩ! ከጋሼ ሆድ የወጣውን የቱቦ ከረጢት ቀንና ማታ ስደፋ የነበርኩት እኔ ነኝ። የለካ፣ የጻፈ ግን የለም። በአምስተኛው ቀን ፈሳሹ ደፈረሰ፣ ትኩሳት መጣ። «ጠዋት ሐኪም ያየዋል» ተባልኩ። በሰባተኛው ሌሊት ከረጢቱ ውስጥ ትንሽ ደም አየሁ። ትንሽ ስለሆነች ደፋኋት። በኋላ ሳነብ ነው ያወቅኩት፤ ያቺ ትንሽ ደም ከትልቁ መድማት በፊት የምትመጣ ደወል ልትሆን ትችላለች። ንጋት ላይ ትልቁ መጣ።

ነርሷን አልከስም፤ ያን ሌሊት ብቻዋን ስንት በሽተኛ እንደያዘች አይቻለሁ። ይድን ነበርም አልልም። የምለው ደወሉ ሲደወል ሰሚ አልነበረም ነው።

«ይሄ እኮ የድህነት ጉዳይ ነው» የምትሉ ትመጣላችሁ። እሺ። ሆላንዶች እ.ኤ.አ. በ2022 ላንሴት ላይ ያወጡትን ጥናት ተመልከቱ። 17 ሆስፒታል፣ ከ1,700 በላይ በሽተኛ። አዲስ መድኃኒት የለ፣ አዲስ ማሽን የለ። በሽተኛውን ሁሉ በየቀኑ በአንድ ዓይነት መመዘኛ ማየት፤ ምልክት ሲገኝ ሳይዘገዩ ሲቲ ስካን ማንሳት፣ አንቲባዮቲክ መጀመር፣ የተጠራቀመውን በቱቦ ማውጣት። በቃ! ለከባድ መድማት፣ ለአካል ክፍሎች ሥራ ማቆም ወይም ለሞት የተዳረጉት ከ14 በመቶ ወደ 8 በመቶ ወረዱ።

ሲቲ ስካን ውድ ነው፣ ልክ ናችሁ። ከረጢት ለክቶ ወረቀት ላይ መጻፍስ ስንት ብር ነው? ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ የቱቦው ፈሳሽ ውስጥ ያለው አሚሌዝ ከጤነኛ ሰው ደም ከፍተኛ ልክ ከ3 እጥፍ ከበለጠ ስፌቱ እያፈሰሰ መሆኑን ይጠቁማል። ይሄን የሚነግረን ላቦራቶሪ እንጂ ተአምር አይደለም።

ሌላው ደግሞ ይሉኝታችን። «ሐኪምን በዓመት ስንት ትሠራለህ ብሎ መጠየቅ ድፍረት ነው» ተባልኩ። እንዴ! በግ ስንገዛ ጥርሱን እናይ የለ? እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ይህን ቀዶ ጥገና እጅግ በጥቂቱ በሚሠሩ ሆስፒታሎች 16 በመቶ ያህሉ እንደሚሞቱ፣ በብዛት በሚሠሩት ግን ከ4 በመቶ እንደማይበልጥ አሳይቷል። ሆላንድ በዓመት ቢያንስ 20 የማይሠራ ሆስፒታል እንዳይነካው ደንብ አውጥታለች። ሥራውን በጥቂት ሆስፒታሎች መሰብሰብ ብር ሳይሆን ውሳኔ ነው የሚፈልገው።

ተማሪዎቼ የነበራችሁ ነርሶችና ሐኪሞች፦ አስታማሚ ከረጢት ይዞ ኮሪደር ላይ ሲያስቆማችሁ «ጠዋት» አትበሉት። አስታማሚዎች፦ ደብተር ያዙ። ቀን፣ ሰዓት፣ መጠን፣ ቀለም፣ ትኩሳት። ደም ካያችሁ፣ ጠብታም ብትሆን፣ አትድፉት፤ ጩኹ።

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ደብተር ያልያዘ ተማሪ ከክፍል ሳስወጣ ኖሬያለሁ። ያን ሳምንት ደብተር ያልያዝኩት እኔ ነኝ።

ጋሼ፣ ነፍስህን ይማር።