ለመቅበር የማያሳሳ ሰብል

ባቄላን ለአረንጓዴ ማዳበሪያ ብሎ የዘራ ሰው ሁሉ የሚፈተንበት አንድ ሰሞን አለ። ሰብሉ ወገብ ደርሷል፣ አበባው ፈክቷል፣ ንብ ይመላለስበታል። ታጭዶ ከአፈር የሚቀላቀለው ያኔ ነው። ግን ማን ጨክኖ ማጭድ ያነሣል? «ትንሽ ይቆይና እሸቱን እንቅመስ» ይባላል። እሸቱ ይደርሳል፣ ልጆች ይበሉታል። የቀረው ደርቆ ከነሥሩ ይነቀላል፣ ገለባው ለላሟ ይሄዳል። ጎመኑም ከአምናው ባልተሻለ አፈር ላይ ይተከላል።

በዚህ ማንንም አልወቅስም። የሚበላን ነገር በአበባው መቅበር እኛ ዘንድ ነውር ይመስላል። ለዚህም ነው የማዳበሪያ ሰብል ምርጫ «ብዙ ናይትሮጅን የሚሰጠው የትኛው ነው?» ከሚለው ጥያቄ መነሣት የለበትም የምለው። «ሳልሳሳ የምቀብረው የትኛውን ነው?» የሚለው ይቅደም።

ጉዳዩ የአንጀት መጨከን ብቻ አይደለም። ጥራጥሬ የአየሩን ናይትሮጅን የሚያገኘው ሥሩ ላይ በሚኖሩ ባክቴሪያዎች ነው። አንዱን እግር ነቅሎ፣ ሥሩ ላይ እንደ ዶቃ ከተደረደሩት እብጠቶች አንዷን በጥፍር መሰንጠቅ ነው፤ ውስጧ ሮዝ ከሆነ ሥራ ላይ ናት። ፍሬ መያዝ ሲጀምር ግን ተክሉ በቅጠሉና በግንዱ ያከማቸውን ወደ ዘሩ ያዛውራል። እሸቱን የበላ ናይትሮጅኑንም በልቶታል። ግንዱም ይጠነክራል። የጠነከረ ግንድ ሲቀበር የሚያበሰብሱት ደቂቅ ሕይወቶች የጎደላቸውን ናይትሮጅን ከአፈሩ ስለሚሻሙ ከላዩ የተተከለው ችግኝ ይገረጣል።

እስቲ በቁጥር እንየው። ከ10 ካሬ ሜትር መደብ 30 ኪሎ እርጥብ ቅጠልና ግንድ ቢታጨድ፣ ውኃው ሲወጣ 4 ኪሎ ተኩል ገደማ ይቀራል እንበል። ከዚያ 3 በመቶው ናይትሮጅን ቢሆን 135 ግራም ነው፤ ወደ 300 ግራም ዩሪያ ይጠጋል። ለመጀመሪያው አትክልት የሚደርሰው ደግሞ ከፊሉ ብቻ ነው። በአንዱ ጥራጥሬና በሌላው መካከል ያለው ልዩነት በተቀበረና በተበላ መካከል ካለው ብዙ ጊዜ ያንሳል።

ለደጋና ለወይና ደጋ ጓሮ የእኔ ምርጫ ግብጦ ነው። ጎጃምና አዊ ላይ የግብጦ አረቄን የማያውቅ ጥቂት ነው፤ ፍሬውም ተቆልቶና ተቀቅሎ፣ ምሬቱ እስኪለቅ ለቀናት በውኃ ተዘፍዝፎ ይበላል። ያ ምሬት ነው ለጓሮ የሚጠቅመን። ለምለሙን ማንም እሸት ብሎ አይቀጥፈውም፤ ከብትም ብዙ አይደፍረውም። ከዚህ በላይ ደግሞ ሥሩ ያስደንቃል። በቀይና አሲዳማ አፈር ፎስፈረስ ከብረትና ከአሉሚኒየም ጋር ተጣብቆ ስለሚታሰር ብዙ ሰብል አያገኘውም። ግብጦ ግን እንደ ጠርሙስ ማጠቢያ ብሩሽ የተንጨፈረሩ የሥር ዘለላዎች አሉት፤ ከእነሱ የሚወጣው ሲትሪክ አሲድ የታሰረውን ፎስፈረስ ይፈታል። ሲቀበር የወሰደውን ለተከታዩ ሰብል ይመልሳል። ባቄላ ኖራ ካልተጨመረበት በሚቀጭጭበት አፈር ላይ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ውኃ የሚያቁር ዋልካ ላይ ግን ግብጦ ሥሩ ይበሰብሳል። እዚያ ጓያ ይሻላል፤ ጥቁር አፈርንና የተረፈ እርጥበትን የለመደ ነው። ፍሬው አዘውትሮ በብዛት ሲበላ እግር ስለሚያሽመደምድ በአበባው መቅበሩ ለቤተሰቡም አያስቆጭም። በሁለት ተክል መካከል ስድስትና ሰባት ሳምንት ብቻ ያለው ሰው አብሽ ይበትን፤ ግንዱ ለስላሳ ስለሆነ ቶሎ ይበሰብሳል። ጎመንዘር ቶሎ ይሸፍናል፤ ነገር ግን ናይትሮጅን ከአየር አያመጣም፣ የጎመን ዘመድ በመሆኑም የጎመንን በሽታና ተባይ ያቆያል። ከጥቅል ጎመን በፊት አልዘራውም። የቲማቲሙ ሥር ኔማቶድ በሚባለው ትል የተቋጠረበት ሰው ደግሞ ጥራጥሬን በጥንቃቄ ይምረጥ፤ አደንጓሬን የመሰሉት ያችኑ ትል ይቀልቧታል።

አቀባበሩ ቀላል ነው። ከመሬት አስጠግቶ ማጨድ፣ ሥሩን እዚያው መተው፣ ለምለሙን ከታትፎ ለአንድ ሁለት ቀን ማጠውለግ፣ ከዚያ ከላይኛው አንድ ስንዝር አፈር ጋር በመቆፈሪያ ማደባለቅ። ጠልቆ የተቀበረ አየር አጥቶ ይገማል። ለመትከል ሦስት ሳምንት፣ ብርድ ባለበት ደጋ ደግሞ ከዚያ በላይ መታገሥ ያስፈልጋል፤ ትኩስ ብስባሽ ላይ የወደቀ ዘርና ለጋ ችግኝ ይበሰብሳልና።

ለከርሞ ዘር የሚሆኑ ጥቂት እግር ግብጦዎች ግን ጥግ ላይ ይቆዩ። ያለ አጥር፣ ያለ ጠባቂ ይደርሳሉ።