ትራክተር የሌለው ገበሬ

የአውሮፓ ገበሬ ሲከፋው ትራክተሩን አስነስቶ ብራስልስ ይገባል። በፌብሩዋሪ 2024 (እ.ኤ.አ.) መንገድ ዘግተው፣ እሳት አንድደው ጮኹ። ሳምንት ሳይሞላ የአውሮፓ ኮሚሽን የፀረ ተባይ ኬሚካልን በግማሽ ለመቀነስ ያረቀቀውን ሕግ እንደሚያነሳ አስታወቀ። ምርጫ ደርሶ ነበራ! አልፈርድባቸውም፤ ገበሬ ሲደመጥ ደስ ይለኛል። እኔን የሚያበሽቀኝ የኛው ገበሬ ድምፅ የትም አለመሰማቱ ነው።

ያው ኅብረት በ2023 ሌላ ሕግ አጽድቋል፦ ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ ደን በተመነጠረበት መሬት ላይ የበቀለ ቡና አውሮፓ አይገባም። ማስረጃው የእያንዳንዱ ማሳ የጂፒኤስ መረጃ ነው። በወረቀት ላይ ግዴታው የአስመጪው ነው። አስመጪው ግን ላኪውን ይጠይቃል፤ ላኪው አቅራቢውን፤ አቅራቢው ደግሞ ሐረርጌ ተራራ ላይ ከማሽላው ጎን ጥቂት እግር ቡና ያለውን አባወራ። ያንን ማሳ ማን ይለካል? ወጪውንስ ማን ይችላል?

"ደን አይጠበቅ እያልክ ነው?" ትሉኝ ይሆናል። ይጠበቅ እንጂ! ግን እኛ ድሬዎች የምናውቀው ነገር አለ። ሐረርጌ ውስጥ ቡና እየተነቀለ ጫት መተከል ከጀመረ ቆየ። ጫት ጂፒኤስ አይጠይቅም፤ ዛሬ ተቆርጦ ዛሬ ይሸጣል። ቡናው ላይ ሌላ ጣጣ ሲጨመር ገበሬው የቱን ይመርጣል? አቦ፣ ዛፍ ለማዳን የወጣ ሕግ የቡና ዛፍ ሊያስነቅል ነው!

ሕጉ ሁለት ጊዜ ተራዝሞ ለትልልቅ ድርጅቶች ዲሴምበር 30 ቀን 2026 እንዲጀምር ተቆርጧል። ለሁለተኛው መራዘም ኮሚሽኑ ያቀረበው ምክንያት የኮምፒውተር ሥርዓቱ ጫናውን አይችልም የሚል ነበር። ለኮምፒውተር ታዘነለት፤ ለገበሬውስ?

ጥፋቱ የነሱ ብቻ አይደለም። ኢትዮጵያ የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ለመሆን ያመለከተችው በ2003 ነው። ይኸው ከሃያ ዓመት በላይ ሲደራደሩ፣ አንድ የሐረርጌ ቡና ገበሬ "አንተስ ምን ትላለህ?" ተብሎ ሲጠየቅ እኔ አልሰማሁም። ስንናገር ግን እንደመጣለን። "ሐረር"፣ "ሲዳሞ" እና "ይርጋጨፌ" የሚሉት ስሞች የኛ ናቸው ብለን ስንሟገት፣ ስታርባክስን የሚያህል ኩባንያ በ2007 ስምምነት ፈርሟል።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለአዲስ አበባም ነው፦ ለድርድር ስትቀመጡ ለገበሬው ወንበር አስቀምጡለት። ትራክተር የለውም ማለት ጉዳይ የለውም ማለት አይደለም።