ከማሳው ቀድሞ የጠፋው ዝንጅብል

ዝንጅብልን የሚያቃጥለው ጂንጀሮል የቆዳ ቀለም የሚሠሩ ሕዋሳትን ሥራ እንደሚያቀዘቅዝ በቤተ ሙከራ ታይቷል። ቀለሙ ሜላኒን ነው፤ የሚሠራውም ታይሮሲኔዝ በተባለ፣ በውስጡ መዳብ ባለበት ኢንዛይም አማካይነት ነው። አንዳንድ የዕፅዋት ውህዶች ኢንዛይሙን ራሱን ያግዱታል። ሌሎቹ ደግሞ ሕዋሱ ኢንዛይሙን ከመነሻው እንዳያመርት ያደርጋሉ። ዝንጅብል ሲደርቅ ከጂንጀሮል የሚገኘው ሾጋኦል የተመረመረው በዚህ በሁለተኛው መንገድ ነው።

ማዲያት ያለባት ሴት ግን ከዚህ ተነሥታ ዝንጅብል ወቅጣ ፊቷን ብትቀባ ጉዳት ታተርፋለች። ውጤቱ የተገኘው በቤተ ሙከራ ሳህን ካደጉ የአይጥ ካንሰር ሕዋሳት ነው። ጠይም ቆዳ ደግሞ ከተቃጠለ ወይም ከተቆጣ በኋላ ይበልጥ ይጠቁራል፤ ልታጠፋው የፈለገችው ይባስ ይጎላል።

ለእኔ የሚከነክነው ሌላ፣ የተክሉ መጥፋት ነው። ወላይታ፣ በተለይ ቦሎሶ ቦምቤ፣ ከጎረቤቱ ከምባታ ጠምባሮ ጋር የአገሪቱ ዋና የዝንጅብል ምድር ነበር። በ2004 ዓ.ም. አካባቢ አጠውልግ የተባለ የባክቴሪያ በሽታ ገባና ብዙ ማሳ ባዶ ቀረ። ሁሉም ባክቴሪያውን ይወቅሳል፤ እኔ ግን ውድቀቱ ከበሽታው በፊት የጀመረ ይመስለኛል። ዝንጅብል ፍሬ አያፈራም ለማለት ይቻላል፤ ገበሬው ከአምናው ሥር ቆርጦ ይተክላል። ስለዚህ ከማሳ ማሳ ያለው ተክል እርስ በርሱ እጅግ ተመሳሳይ ነው፤ አንዱን የጣለ በሽታ ሌላውንም ይጥላል። ለጎረቤት የተሰጠው ወይም ከገበያ የተገዛው ዘርም ጤነኛ መስሎ በሽታውን ተሸክሞ ሄደ። አፈሩ ከተበከለ በኋላ ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት መልሶ መተከሉ ለተሕዋሲው ምግብ ማቅረብ ሆነ።

ለቆዳ ምርምሩም ጉዳቱ ይኸው የተክሉ መመሳሰል ነው። የጂንጀሮሉ መጠን እንደ ዝርያው፣ እንደ ተነቀለበት ጊዜና እንደ አደራረቁ ይለያያል። ጥሩውን ለመምረጥ ልዩ ልዩ ዝርያ ያስፈልጋል፤ ነጋዴው ግን በኪሎ ስለሚገዛ ያንን ልዩነት ያቆየ ገበሬ ምንም አልተከፈለውም። አሁን ንጹሕ ዘር በቤተ ሙከራ፣ በቲሹ ካልቸር፣ ቢባዛ እንኳ፣ ከአንድ ዓይነት ዝርያ ብቻ ከሆነ፣ ቦሎሶ ቦምቤ የሚደርሰው ያው ለአጠውልግ የተጋለጠ ማሳ ነው።