«የምደብቀው የለኝም» ለሚሉ

ስለ ስልክ ጠለፋ ወሬ በተነሣ ቁጥር ታክሲዬ ውስጥ የምሰማው መልስ አንድ ነው፦ «እኔ የምደብቀው የለኝም፤ ቢሰሙኝስ?» ብዙ ዓመት አስተምሬአለሁና ስሕተት ሰምቶ ማለፍ አልሆነልኝም።

በመጀመሪያ የደበቀው ማን እንደሆነ እንይ። እ.ኤ.አ. በ1993 የአሜሪካው ኤፍ.ቢ.አይ. የሌሎች አገሮችን የፖሊስና የጸጥታ ሰዎች ቨርጂኒያ፣ ኳንቲኮ ድረስ ጠርቶ ስልክ ስለሚጠለፍበት የጋራ መመዘኛ መከረ። በ1994 የአሜሪካ ምክር ቤት፣ የስልክ ኩባንያዎች መሣሪያቸውን ለጠለፋ እንዲመች አድርገው እንዲሠሩ በሕግ አስገደደ። ጃንዋሪ 17 ቀን 1995 ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት የሚኒስትሮች ምክር ቤት ተመሳሳይ ውሳኔ አጸደቀ። ስብሰባ ላይ እንኳ አልተከራከሩበትም፤ በጽሑፍ ልውውጥ ብቻ አለፈ። በይፋዊው ጋዜጣ የታተመው በኖቬምበር 1996 ነው። ሃያ አንድ ወር ከርሞ!

ፖሊስ ወንበዴ አይያዝ አላልኩም። ዳኛ ፈቅዶ የአንድ ተጠርጣሪ ስልክ ቢጠለፍ አልቃወምም። ግን ለአንዱ ሌባ ሲባል የሁላችንም ቤት ላይ የጓሮ በር ተከፈተ። ሳስተምርበት በነበረ ትምህርት ቤት የፈተናው ክፍል ትርፍ ቁልፍ «ለድንገተኛ ጊዜ» ተብሎ ተቀረጸ፤ በዚያው ዓመት ፈተናው ተማሪዎቹ እጅ ገባ።

ግሪክ አገርም የሆነው ይኸው ነው። በ2004 እና በ2005፣ ለሕጋዊ ጠለፋ ተብሎ በስልክ ማዞሪያው ውስጥ በተዘጋጀው መንገድ ያልተፈቀደላቸው ሰዎች ገብተው ከመቶ በላይ ስልኮች ለወራት አዳመጡ። አንዱ የጠቅላይ ሚኒስትሩ የኮስታስ ካራማንሊስ ነበር።

«ይህ የፈረንጅ ጣጣ ነው» ትሉ ይሆናል። እንግዲያው የራሳችንን ስሙ። በሩ ከስልክ ወደ ኮምፒዩተርም ተሻግሯል። በ2014 ሜሪላንድ የሚኖር ትውልደ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ፣ ለመንግሥታት ብቻ ይሸጣል ይባል የነበረ ፊንስፓይ የሚባል መሰለያ ኮምፒዩተሬ ውስጥ ተገኘ ብሎ የኢትዮጵያን መንግሥት ዋሽንግተን ከሰሰ። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ2017፣ ድርጊቱ ሙሉ በሙሉ አሜሪካ ውስጥ የተፈጸመ አይደለምና የውጭ መንግሥት በዚህ አይከሰስም ብሎ ዘጋበት።

ክሱ እንደሚለው፣ ከተሰለለው መካከል የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ልጁ ለታሪክ የቤት ሥራው ያደረገው ፍለጋ ይገኝበታል። እስቲ ንገሩኝ፣ ያ ልጅ የሚደብቀው ምን ነበረው?