ሰው ምን ይለኛል?

አሜሪካዊው ደራሲ ናትናኤል ሆውቶርን እ.ኤ.አ. በ1850 ባሳተመው «ቀይዋ ፊደል»፥ ከጋብቻ ውጭ የወለደች ሴት የነውር ምልክት ደረቷ ላይ ለጥፋ እንድትኖር ይፈረድባታል። የልጅቱ አባት የሆነው ሰባኪ ግን ሕዝብ እያከበረው፥ በስውር ጸጸት ይመነምናል።

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ደግሞ ካሣ ዳምጤ የዘር ትምክሕትን ስለ ነቀፈ «ጉዱ ካሣ» ተብሎ እንደ እብድ ይቆጠራል።

እርሷ በሥራዋ፥ እርሱ በንግግሩ ስም ወጣላቸው። ለሚዛን ተፈሪ ጎረቤት በሆነው በከፋ የቡና አገር ግን ማንጆ የሚባሉት ወገኖቻችን በመወለዳቸው ብቻ፥ ከሌላው ጋር በአንድ ማዕድ እንዳይቀርቡና እንዳይጋቡ ልማድ ሲከለክላቸው ኖሯል። ዳኛ አልፈረደባቸውም፤ የፈረደባቸው የብዙኃኑ ይሉኝታ ነው።

አንባቢ ሆይ፥ ልማዱ በደል መሆኑን ልቡ እያወቀ፥ ጎረቤቱን ፈርቶ ሲኒ የሚለይ የተማረ ሰው ከዚያ ሰባኪ በምን ይሻላል?